ሻካራ ፀጉር ላለው ቴሪየር፦ ፀጉሩን ቤት ውስጥ በእጅ እንዴት እንደምንነቅል

ሻካራ ፀጉር ያለው ቴሪየር ቤታችሁ ካለ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቶንዶሱን አስቀምጡት። የእነዚህ ውሾች ፀጉር በመላጨት አይታደስም። የደረሰው ፀጉር ከሥሩ ሲነቀል ነው አዲሱ ጠንክሮ፣ ቀለሙን ይዞ የሚወጣው። ሥራው የእጅ ሥራ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ ሊሠራው ይችላል። እኔ የምሠራው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጠባብ በረንዳ ላይ ነው።

ውሻዬ ዳማ ትባላለች። ዋየር ፎክስ ቴሪየር ናት። ሰውነቷ ነጭ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ሰፊ ጥቁር አለባት፤ ጭንቅላቷና ጆሮዋ ዳማ ነው። ስሟም ከዚያ መጣ። ያሳደጓት ቤተሰቦች ከአገር ሲወጡ ለእኔ ሰጡኝ። ስትመጣ ለዓመታት በቶንዶስ ስትላጭ የኖረች ነበረች። ፀጉሯ ለስልሶ ተጠቅልሏል። ዳማው ወደ ግራጫ ሄዷል፣ ጥቁሩም ደብዝዟል። ዝናብ ሲነካት ውሃው እስከ ቆዳዋ ይዘልቃል። ጭቃው ደግሞ ደርቆ እንኳን አይረግፍላትም ነበር። አሁን ያ ሁሉ የለም። ለውጡን ያመጣው ሻምፖ አይደለም፤ ቅባትም አይደለም። ጣት ነው።

ፀጉሩ ለምን ይነቀላል?

ቴሪየሮች ከብሪታንያና ከአየርላንድ የመጡ የሥራ ውሾች ናቸው። ቀበሮ ከጉድጓዱ ያስወጣሉ፣ አይጥ ያድናሉ፣ እሾህና ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ። ለዚህ የሚሆን ድርብ ፀጉር አላቸው። የላይኛው ጠንካራና ደማቅ ነው። እሾህም ዝናብም የሚመክተው እሱ ነው። የውስጠኛው አጭር፣ ለስላሳና ፈዘዝ ያለ ነው፤ ሙቀት ይይዛል።

የላይኛው ፀጉር ልኩ ላይ ሲደርስ ማደጉን ያቆምና ሥሩ ላይ ይሞታል። የብዙ ሌሎች ውሾች ፀጉር እዚህ ሲደርስ በራሱ ይረግፋል። የእነዚህ ግን አብዛኛው ቀዳዳው ውስጥ እንደተሰካ ይቀራል። ሰው ሲያወጣለት ቦታው ላይ አዲስ ጠንካራ ፀጉር ይበቅላል።

ቶንዶስ የሚያደርገው ሌላ ነው። ጠንካራውንና ደማቁን የላይ ክፍል ቆርጦ ይጥላል። የሞተው ሥር እዚያው ይቀራል። የሚታየው የፀጉሩ ቀጭን፣ ፈዛዛ ግርጌና የውስጠኛው ፀጉር ብቻ ነው። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ውሻው እየለሰለሰ፣ ቀለሙ እየነጣ ይሄዳል። በኒው ዮርኩ የዌስትሚንስተር የውሻ ውድድር ከማንኛውም ዝርያ በላይ ደጋግሞ ያሸነፈው ዋየር ፎክስ ቴሪየር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሸነፈውም እሱው ነበር። እዚያ የሚታየው ያ ቀጥ ያለ ደማቅ ፀጉር በእጅ ተነቅሎ የተገኘ ነው። የእኛ ውሾች ውድድር ባይገቡም ቆዳና ፀጉራቸው ያው ነው።

ይህ አሠራር ለኤርዴል፣ ለአይሪሽ፣ ለዌልሽ፣ ለሌክላንድ፣ ለቦርደር፣ ለኬርን፣ ለኖርፎክ፣ ለኖርዊች፣ ለስኮቲሽ፣ ለዌስት ሃይላንድ እና ፀጉረ ሻካራ ለሆነው ጃክ ራስል ይሠራል። ዊተን፣ ኬሪ ብሉና ቤድሊንግተን ግን ቴሪየር ቢሆኑም ፀጉራቸው ለስላሳ ነው። እነሱ በመቀስ ነው የሚስተካከሉት። ከተማችን ውስጥ ደግሞ ቅይጥ ውሻ ይበዛል። ቅይጥ ከሆነ ስሙን ትታችሁ ፀጉሩን ጠይቁት።

የምትጠይቁት እንዲህ ነው። ጀርባው መሐል ላይ ከረዘሙት ፀጉሮች ጥቂት ብቻ፣ ጫፋቸው አካባቢ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ። ፀጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ሳብ አድርጉ። የደረሰ ፀጉር ልክ እንደ በሰለ ባቄላ ከተክሉ ሳይታገል እጃችሁ ላይ ይቀራል። ውሻው ዞሮም አያያችሁም። ካልወጣ፣ ወይም ውሻው ቆዳውን ከሸበሸበ፣ አልደረሰም። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ሞክሩ። በዓይንም ይታወቃል፦ የደረሰ ፀጉር ይንጨባረራል፣ ይደርቃል፣ ጀርባ ላይ ለሁለት እየተከፈለ ይተኛል።

ከጎኔ ያሉት እማማ መጀመሪያ ሲያዩኝ ደንግጠው ነበር። «ምነው ልጄ፣ እንስሳዋን ለምን ትነጫታለሽ?» አሉኝ። «ኧረ እማማ፣ ይቅረቡና ራስዎ ይሞክሩት» አልኳቸው። ከጀርባዋ ትንሽ ቆንጠር አድርገው ሳቡ። ፀጉሩ እጃቸው ላይ ቀረ። ዳማ ዓይኗን ጨፍና እንደቆመች ነበረች። አሁን አንዳንድ ቅዳሜ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ዋናው መሣሪያ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነው። ችግሩ ፀጉሩ ያዳልጣል። እኔ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ብር ስንቆጥር ጣታችን ላይ የምናጠልቃት፣ ነጠብጣብ ያላት ላስቲክ አለች። ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ አላገኘሁም። ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ጠይቁ፤ ርካሽ ናት። አንድ ለአውራ ጣት፣ አንድ ለሌባ ጣት። እሷ ከጠፋች ፋርማሲ የሚሸጠውን ስስ ጓንት ጣት ጣቱን ቆርጣችሁ አጥልቁ። ነጭ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ፈጭታችሁ ጀርባው ላይ ትንሽ ብትነሰንሱም ፀጉሩ አያመልጣችሁም። ፊቱ አካባቢ ግን ጠመኔ አትጠቀሙ፤ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው የእግር ድንጋይ ነው። ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ቀለል የሚለው፣ ተረከዝ የምንፈገፍግበት። ትንሽ ስባሪ ከሆነ ይበልጥ ይመቻል። ፀጉሩን በአውራ ጣትና በድንጋዩ መሐል ይዛችሁ ትስባላችሁ። ለአንገትና ለትከሻ ጥሩ ነው። ለጀማሪ ከቢላ ይልቅ ድንጋይ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ድንጋይ ፀጉር አይቆርጥም።

ሦስተኛው የመንቀያ ቢላ ነው። ቢላ ይባል እንጂ ለመቁረጥ የተሠራ አይደለም። አጭር እጀታና ጥርስ ያለው ብረት ነው። ጥርሱ ሰፋፊ፣ መካከለኛና ደቃቅ ሆኖ ይሠራል። ሰፊው ለጀርባ፣ ደቃቁ ለጭንቅላትና ለጆሮ ነው። ግራኝ ከሆናችሁ ለግራ እጅ የተሠራውን ፈልጉ። የእኔን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ነው ያመጣችልኝ። አንድ ብቻ የምታስመጡ ከሆነ መካከለኛውን አስመጡ።

አዲስ ቢላ ስለት ስላለው እንዳለ ውሻ ላይ አይውልም። ጥርሱን ሸካራ ድንጋይ ላይ እያመላለሳችሁ አዶልዱሙት። እርጥብ አሸዋ ውስጥ ደጋግሞ መክተትም ይሠራል። መዶልዶሙን የምታውቁት ከሚወጣው ፀጉር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ስባዎች መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ እዩአቸው። ከሥሩ የተነቀለ ፀጉር ወደ ሥሩ እየቀጠነ፣ እየነጣ ይሄዳል። የተቆረጠ ግን ጫፉ ድፍን፣ እኩል የተከረከመ ነው። የተቆረጠ ካያችሁ ወይ ቢላው ገና ስለት አለው፣ ወይ አያያዛችሁ ልክ አይደለም።

አራተኛው የውስጥ ፀጉር ማሳሻ ነው። የሴጌቶ ምላጭ ግማሹን ሰብራችሁ፣ የምትይዙበትን በኩል በናስትሮ ጠቅልሉት። ቆዳው ላይ ጋደም አድርጋችሁ በፀጉሩ አቅጣጫ በቀስታ ስትጎትቱት ለስላሳውን የውስጥ ፀጉር ይዞ ይወጣል። አትጫኑት፤ የራሱ ክብደት ይበቃዋል።

ከዚህ ሌላ የብረት ማበጠሪያ፣ ብሩሽ፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መቀስና ፀጉር ማሳሻ መቀስ ያስፈልጋል። ማሳሻ መቀስ የወንዶች ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበት፣ አንዱ በኩል ጥርስ ያለው ነው።

ቦታና ሰዓት

መሬት ላይ ጎንበስ ብላችሁ አትጀምሩ። ወገባችሁም አይችለውም፣ ውሻውም ይሄዳል። እስከ ወገባችሁ የሚደርስ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ፈልጉ። ላዩ ላይ የመኪና ወለል ላስቲክ አንጥፉ። እግሩ ካንሸራተተው ይፈራል፤ አንዴ ከፈራ ደግሞ ጠረጴዛውን ይጠላል። ማሰሪያውን አሳጥራችሁ ያዙ ወይም እሰሩ፤ ከታሰረ ግን ለአፍታም ጥላችሁት አትግቡ። ቢዘል አንገቱ ነው የሚያዘው።

ንፋስ ያለበት ቀን በረንዳ ላይ አይሠራም። የታች ቤት ሰዎች ልብስ አስጥተው ሊሆን ይችላል። ፀጉሩ ደግሞ ቀላል ነው፤ የትም ይደርሳል። እኔ ፌስታል ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በናስትሮ ለጥፌ እያንዳንዱን ጭብጥ እዚያው እከታለሁ። ብሩሽ በበረንዳ አላራግፍም። ጎረቤትን የሚያጣላው የውሻው መኖር ሳይሆን እንዲህ ያለው ነገር ነው።

የእኛ ሰፈር የባቡሩ ጡሩምባ ይሰማል። ዳማ ስትሰማው ጆሮዋ ይቆማል፣ ሰውነቷ ይገተራል። ያን ጊዜ እጄን አነሳለሁ። የተገተረ ውሻ ቆዳውም የተገተረ ስለሆነ ያመዋል። እናንተም የሚያስደነግጠውን ነገር እወቁና እሱ የማይበዛበትን ሰዓት ምረጡ። ከመጀመራችሁ በፊት ረዘም ያለ የእግር ጉዞ ውሰዱት። የደከመ ውሻ ይቆማል።

ከመንቀል በፊት አታጥቡት። ይህን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። የታጠበ ፀጉር ለስልሶ ያዳልጣል፤ ትንሽ የቆሸሸው ግን ይያዛል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣብን ሰዎች ይህ መልካም ዜና ነው። በማበጠሪያ አፍታቱት፤ የተቋጠረ ነገር ካለ በጣት ፍቱት፤ መዥገርና ቁንጫ መኖሩን ቆዳውን እየከፈታችሁ እዩ። ከዚያ ግቡበት።

አነቃቀሉ

በግራ እጃችሁ ከምትነቅሉበት ቦታ ከፍ ብላችሁ፣ በጭንቅላቱ በኩል፣ ቆዳውን ወጠር አድርጋችሁ ያዙ። ይህ የሥራው ግማሽ ነው። ቆዳው ካልተያዘ ከፀጉሩ ጋር አብሮ ይሳባል፤ የሚያመውም ያኔ ነው። በቀኝ እጃችሁ ጥቂት ፀጉር ያዙ። ጥቂት ስል በእውነት ጥቂት ነው። ጭብጥ ሙሉ የያዘ ሰው ያልደረሰውንም ከደረሰው ጋር ይጎትታል። የምትይዙት ከጫፉ አካባቢ ነው፤ ቆዳው ጋ ወርዳችሁ አትያዙ። የውስጡ ፀጉር እዚያ ስላለ አብሮ ይያዛል።

አሁን ሳቡ። ወደ ላይ አይደለም፤ ፀጉሩ ወደተኛበት፣ ቆዳውን ተከትላችሁ። ስቡ ከክርንና ከትከሻ ይምጣ። የእጃችሁ አንጓ ቀጥ ብሎ ይቆይ። አንጓ ሲጠመዘዝ፣ በተለይ ቢላ ከያዛችሁ፣ ጥርሱ ፀጉሩን ይቆርጠዋል። ቢላ ስትጠቀሙ ፀጉሩን ጥርሱ ላይ የሚይዘው አውራ ጣታችሁ ነው። ብረቱ ሥራው ጣታችሁን ማገዝ ብቻ ነው። ቢላውን አጥብቃችሁ ከጨበጣችሁ እጃችሁ ቶሎ ይዝላል፤ ላላ አድርጋችሁ ያዙት።

ትንሽ ከሠራችሁ በኋላ ምቱ ይመጣላችኋል። መያዝ፣ መሳብ፣ መጣል። ፈጣንና አጭር ስብ ከቀስታና ረጅም ስብ ያነሰ ያማል። ስለዚህ የምንቸኩለው ስቡ ላይ ነው። በአጠቃላይ ሥራው ላይ ግን አንቸኩልም። ለጀማሪ ውሻ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሙሉውን ሰውነት በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከፋፍላችሁ ከጨረሳችሁ ፀጉሩ ተቀራራቢ ሆኖ ያድጋል።

መሐል መሐል ሽልማት ስጡ። ዳማ የምትወደው የተቀቀለ ጉበት ነው፤ ጥፍር የምታህል ቁራጭ። ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ስለሆኑ ከወጥ ውስጥ የወጣ ሥጋ አይሆንም።

ከጀርባ ጀምሩ። ጀርባ ላይ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ውሻው እዚያ ሲለምድ ሌላውን ይፈቅዳል። ከማጅራት በታች ተነስታችሁ እስከ ጭራ ሥር ሂዱ። ከዚያ ወደ ጎኖቹ፣ ወደ ትከሻው፣ ወደ ታፋው ውረዱ። በሄዳችሁበት ሁሉ ከሥር ፈዛዛውና ለስላሳው ፀጉር ይገለጣል። ውሻው ለጥቂት ሳምንት ቀጭንና ገርጣ ያለ ሆኖ ይታያል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። አዲሱ ፀጉር ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ሰውነቱን ይሸፍናል።

አንገትና ጭንቅላት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለዋየር ፎክስ የሚፈለገው ቅርጽ፣ የራስ ቅሉና ጉንጩ አጭር፣ ቅንድቡና ጢሙ የተተወ ነው። ጭንቅላት ላይ ቢላ አልጠቀምም። ሁለት ሦስት ፀጉር እየያዝኩ በጣት ብቻ ነው። ጆሮው ላይ ያለውን ስነቅል ጆሮውን በግራ መዳፌ ላይ አስተኝቼ ነው። ጠርዙ ላይ የወጡትን ብቻ በመቀስ አስተካክላለሁ፤ የቆዳውን ጠርዝ በጣት ከልላችሁ ቁረጡ፤ የጆሮ ጠርዝ ከተነካ ደሙ ቶሎ አይቆምም። ጉሮሮና የደረት ፊት ሳሳ ያለ ቆዳ ስላላቸው ዳማ እዚያ ላይ ትዕግሥቷ ያጥራል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ተኝታ ስታርፍ ጭምር፣ ጭኔ ላይ አድርጌ እጨርሰዋለሁ።

እግሮቹን አትንጩአቸው። የእግር ፀጉር ቀጥ ብሎ እስከ መዳፉ እንዲወርድ ነው የሚፈለገው። በማበጠሪያ ወደ ላይ አበጥራችሁ ከሌላው ወጥተው የቀሩትን ብቻ ልቀሙ። ጢሙም እንዲሁ ነው፤ የተበጠረ ጢም ላይ የምትቆርጡት ነገር የለም፣ ምግብ ሲነካው ብቻ እጠቡለት።

ሆዱ፣ ብብቱ፣ የታፋው ውስጥ በኩልና የመቀመጫው አካባቢ ግን አይነቀሉም። ቆዳው ስስ ነው፤ ያማል፤ ይቆጣል። እዚያ ማሳሻ መቀስ ተጠቀሙ፤ ቶንዶስም ቢሆን ለእነዚህ ቦታዎች ችግር የለውም። በመዳፉ ጣቶች መሐል የበቀለውንም በድቡልቡሉ መቀስ ከርክሙ። ክረምት ላይ ጭቃ እዚያ ይቋጠርና ሲደርቅ ያነክሰዋል።

ከተነቀለ በኋላ

ቆዳው ትንሽ ሮዝ ቢል አትስጉ፤ በማግስቱ ይመለሳል። የደም ነጥብ፣ ሽፍታ ወይም ውሻው ደጋግሞ የሚልሰው ቦታ ካያችሁ ግን ያን አካባቢ ተዉት፤ ካልዳነ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። አልኮል፣ ሽቶ ወይም የቤት ውስጥ ቅባት አትቀቡት። የፀጉሩ ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው፤ የቀባችሁት ነገር ሁሉ ይገባል። ገላውን ለማጠብም ጥቂት ቀን ታገሱ። እስከዚያ ድረስ ደግሞ አፈርና ጭቃ ላይ እንዳይንከባለል ጠብቁት።

ስለ አዲስ አበባ አየር ለብቻው ማውራት እፈልጋለሁ፤ የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁምና። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ነጭ ፀጉር ያለው፣ አዲስ የተነቀለ ውሻ ቆዳው ስለሚጋለጥ እኩለ ቀን ላይ ውጭ አታቁሙት። ማለዳና አመሻሽ ላይ አንሸራሽሩት። ሌሊቱ ደግሞ በተቃራኒው ይበርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። በዚያ ወቅት ሙሉ በሙሉ መንቀል ለእኔ ጭካኔ ነው።

ሙሉ ንቀላ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ነው የሚሠራው። ሁሉንም በአንድ ዙር መንቀል የምትመርጡ ከሆነ አንዱን መጋቢት መጨረሻ ላይ አድርጉት። እንዲህ ከሆነ የሰኔው ዝናብ ሲገባ አዲሱ ፀጉር ጠንክሮ ይጠብቀዋል። ሌላውን መስከረም ውስጥ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጀምሩትና ቅዝቃዜው ሳይገባ ጨርሱት። ከጨረሳችሁም በኋላ ሌሊት ሌሊት ሹራብ አልብሱት ወይም መኝታውን ከበረንዳ አስገቡ።

እኔ ግን ለዚህ ከተማ የሚሻለው ሌላው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። በየሳምንቱ ከሁሉም ቦታ የረዘሙትን ብቻ መልቀም። እንዲህ ስታደርጉ ፀጉሩ በተለያየ ዕድሜ ይደራረባል፦ አንዱ ሲደርስ ሌላው መሐል ላይ ነው፣ ሦስተኛው ገና እየወጣ ነው። ውሻው አንድም ቀን ራቁቱን አይሆንም። ፀሐዩም ብርዱም አያገኘውም። ለእናንተም ሥራው ቀላል ነው።

በቶንዶስ ሲላጭ የኖረ ውሻ

ዳማ እንዲህ ነበረች፤ ስለዚህ ከልቤ እናገራለሁ፦ ይመለሳል። ግን በአንድ ዙር አይመለስም። መጀመሪያ ፀጉሩ ሳይላጭ እንዲረዝም ተዉት። ውሻው ለጊዜው ተንጨባሮ ይታያል፤ ይሁን። እስከዚያው በሳምንት ሁለቴ በማሳሻው ምላጭ ለስላሳውን የውስጥ ፀጉር አውጡለት። ከረዘመ በኋላ ጀርባውን ሞክሩ፤ የሚወጣውን ብቻ ውሰዱ። በየዙሩ የሚበቅለው ካለፈው ይጠነክራል። መጀመሪያ የሚመለሰው የጀርባው ጥቁር ነው። የዳማ ጭንቅላት ዳማ ለመሆን ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶበታል።

የማይመለስም አለ። የተኮላሸ ወይም ማህፀኗ የወጣላት ውሻ ፀጉር ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል፤ ሥሩንም አይለቅም። ያረጀ ውሻ ረጅም ሰዓት መቆም አይችልም። የቆዳ በሽታ ያለበት ደግሞ መጀመሪያ መታከም አለበት። እንደነዚህ ያሉትን በግድ አትንቀሉ። ለእነሱ ማሳሻ ምላጭና መቀስ ይበቃል፤ ቶንዶስም ቢያስፈልግ ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም። የውሻው ምቾት ከፀጉሩ ቀለም ይበልጣል። ፀጉሩ በድንገት በሁለቱም ጎን እኩል እየሳሳ ከሄደ ግን የሆርሞን ችግር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ስለ መነከስም ልበል። በዚህ ሥራ ፊታችሁ ከውሻው አፍ ብዙ አይርቅም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን አረጋግጡ፤ በየዓመቱ አስከትቡ። ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ሰውነቱ ከተገተረ፣ ያን ቀን በቃ። ቢነክሳችሁ ወዲያውኑ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ተቋም ሂዱ። «የራሴ ውሻ ነው» ብላችሁ አትተዉት።

የእኔ ሳምንት እንዲህ ይመስላል። ረቡዕ ማታ፣ ዜና እየሰማሁ፣ ጭንቅላቷንና አንገቷን በጣት። ቅዳሜ ጠዋት ከእግር ጉዞ መልስ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ጀርባዋና ጎኗ፣ መጀመሪያ በድንጋይ ከዚያ በቢላ። በየሁለት ሳምንቱ የእግር ፀጉር ማስተካከልና ጥፍር መቁረጥ። ሲያልቅ ቢላውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ በጥርሱ መሐል የቀረውን ፀጉር በድሮ የጥርስ ብሩሽ አውጥቼ፣ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት እቀባለሁ። ላስቲኮቹን በሳሙና አጥቤ አሰጣለሁ። የፌስታሉን አፍ አስሬ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጋ አወርደዋለሁ።